የብሬቶኒያ ፈረሰኞቼ ከ21 ዓመት በኋላ ከሳጥን ወጡ፤ ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ምን ላድርገው?

ባለ ዘጠኝ ፈረስ (ሊድስ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ዋርሃመር፣ ትንንሽ ምስሎችን ገጣጥሞና ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ስለማዋጋት ጨዋታ፣ በአማርኛ የሚያወራ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት የድሮ ጽሑፎቻችሁን ሳነብ አደርኩ።

ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ለንደን የገባነው በፈረንጆቹ 1994 ነው። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። በ13 ዓመቴ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ማደል ጀመርኩ። ያጠራቀምኩትን ይዤ በቀጥታ የሄድኩት የጨዋታው አምራች የጌምስ ወርክሾፕ ሱቅ ነው። የ1996ቱን ትልቁን ሳጥን ገዛሁ፤ አምስተኛውን እትም። በአንድ ወገን የብሬቶኒያ ፈረሰኞችና ቀስተኞች፣ በሌላ ወገን እንሽላሊት መሳዮቹ ሊዛርድመን ነበሩ። እንሽላሊቶቹን ለክፍል ጓደኛዬ ሰጠሁት። ተቃራኒ ያስፈልገኝ ነበርና። ሰባት ዓመት ሙሉ ተዋጋን።

ብሬቶኒያን ለማታውቁ፦ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ያለች የፈረሰኞች አገር ናት። የድሮዋን ፈረንሳይ ትመስላለች፤ የንጉሥ አርተር ተረትም አለባት። ፈረሰኞቹ የሐይቋን እመቤት ያገለግላሉ። ቅዱሱን ጽዋ ፍለጋ አገር ላገር ይዞራሉ። አግኝቶ የጠጣበት የጽዋው ፈረሰኛ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። እኔን የያዘኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ፈረሶቹ ናቸው። ከአንገት እስከ ጉልበት ግላስ የለበሱ፣ ግንባራቸው ላይ ብረት ያደረጉ ፈረሶች።

አባዬ ያኔ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ጥበቃ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ሲገባ ፈረሰኞቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። አንዱን አነሳና አገላብጦ አየው። «ግላሱ ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ ስማቸውን ጠየቀኝ። የሰዎቹን የጠየቀኝ መስሎኝ ከመጽሐፉ ያነበብኩትን መደርደር ስጀምር አስቆመኝ። «የሰዎቹን አላልኩህም፤ የፈረሶቹን።»

አባዬ የእንጅባራ ሰው ነው። አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ። አባዬ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች የሚሰበሰቡበትን ጥር 23ን ዛሬም አይረሳትም፤ ለንደን ሆኖ ስልክ ይደውላል፣ ማን ጋለበ፣ ማን ወደቀ ብሎ ይጠይቃል። ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራ የነገረኝ ያን ቀን ጠዋት ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ዮሐንስ አባ በዝብዝ። ምኒልክ አባ ዳኘው። አሉላ አባ ነጋ። ባልቻ አባ ነፍሶ። ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ስምንት ሆኑ። ያሉኝ ፈረሰኞች ግን ዘጠኝ ነበሩ። ለዘጠነኛው የአያቴን ፈረስ ስም ሰጠው፦ ገስግስ።

ከዚያ ጻፋቸው። የድሮ ፈረሰኛ ቤዝ፣ ማለትም ምስሉ የሚቆምበትን መቆሚያ፣ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ 25 በ50 ሚሊሜትር፣ ሲገለበጥ ሆዱ ባዶ ነው። አባዬ የእኔን የስህተት ማጥፊያ ነጭ ፈሳሽ አንስቶ እያንዳንዱን ቤዝ ከውስጥ ቀባው። እስኪደርቅ ሻይ ጠጣ። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጣም በትንንሽ ፊደል፣ አንድ በአንድ ጻፈ። እኔ ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

በ2004 ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሳጥኑ እናትና አባቴ ቤት ከደረጃ ሥር ቀረ። ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ... በመሃል ጨዋታው ራሱ እንደቆመ ሰማሁ፤ ከፋኝ፣ ግን ጊዜም አልነበረኝም። ባለፈው ወር ወላጆቼ ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወሩ ሳጥኑ ወደ እኔ መጣ። ዕቃ ያጓጓዙት ሰዎች ከታች አድርገው ሌላ ነገር ጭነውበታል። ነጋና ጠቅል ጦራቸው ተሰብሯል። ቃኘው ከቤዙ ተላቋል፤ ፈረሱ አንድ ቦታ፣ ስሙ ሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት። የድሮው ሱፐር ግሉ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ቀለሙ የ13 ዓመት ልጅ ቀለም ነው፤ ወፍራም። ከብረት የተሠራ አንድ አዛዥም አለኝ፤ እግሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል።

አሁን መመለስ እፈልጋለሁ። ከልቤ ነው የምፈልገው። ዘ ኦልድ ወርልድ የሚባለው አዲሱ ጨዋታ ብሬቶኒያን እንደመለሳት አይቻለሁ። ችግሩ የፈረሰኛ ቤዝ አሁን 30 በ60 ሆኗል ይላሉ። ቤዙን ልቀይር ካልኩ የአባዬ ጽሑፍ ይሄዳል። ቀለሙን ላስለቅቅ ብልም ያው ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሕጉስ ምን ያህል ተለውጧል? ከዜሮ ነው የምጀምረው ወይስ የማውቀው ይጠቅመኛል?


ትሬንት ዳር (ኖቲንግሃም)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ! ጽሑፍህን ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እሷ ስለ ዋርሃመር ግድ የላትም፤ ገስግስ ላይ ስደርስ ግን «ድገመው» አለችኝ።

መጀመሪያ ዋናውን፦ ቤዞቹን እንዳትነካቸው። አያስፈልግህም። አዳፕተር የሚባል ነገር አለ። ከስስ እንጨት የተቆረጠ ወይም በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ ክፈፍ ነው። ውስጡ 25 በ50፣ ውጪው 30 በ60። የድሮውን ቤዝ መሃሉ ላይ ታስቀምጠዋለህ። በግራና በቀኝ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል፣ በፊትና በኋላ አምስት አምስት ይጨምርልሃል፤ አለቀ። ስታዝ ከሥሩ ክፍት የሆነውን ምረጥ። ፈረሱን ስትገለብጠው የአባትህ ጽሑፍ እንደነበረ ይታያል። በሱፐር ግሉ አታጣብቀው። አራቱ ማዕዘን ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነጭ ኮላ ይበቃዋል። ነገ ማውጣት ብትፈልግ በጣትህ ገፋ ስታደርገው ይወጣል።

ሌላም መንገድ አለ። ጦሩን የምታንቀሳቅስበት ትሪ ላይ የድሮውን ቤዝ የሚያክል ጉድጓድ አለ፤ በፈረሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ልኩን ይሞላልሃል። ሦስት በሦስት ካሰለፍካቸው ድሮ ፊታቸው 75 ሚሊሜትር ነበር፣ አሁን 90 ይሆናል። ትሪው 90 ከሆነ ሌላው ምንም አይደለም። ችግሩ ፈረሰኛ ሲሞት ነው፤ አንድ አንድ እያነሳህ ስትሄድ ትሪው ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ እኔ አዳፕተር ነው የምልህ። የምጫወትበት ክበብ ውስጥ ግማሹ ሰው በአዳፕተር ነው የሚጫወተው። ማንም ምንም ብሎት አያውቅም።

ስለ ሕጉ። የሄድክበት ዘመን ስድስተኛው እትም ላይ ነው። የብሬቶኒያ መጽሐፍ በ2004 ወጥቶ እስከ መጨረሻው አልታደሰም። በ2014 እና በ2015 ኩባንያው የዚያን ዓለም ፍጻሜ ተረከ፤ ዓለሙን እንዳለ አጠፋው። በምትኩ ኤጅ ኦፍ ሲግማር የሚባል ሌላ ጨዋታ መጣ፣ በክብ ቤዝ። ብዙዎቻችን ያኔ ተለያየን። እኔ የከምሪ ሙታን ነገሥታት ጦር ነበረኝ፤ አጽሞቼን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ዘጠኝ ዓመት አላየኋቸውም። በ2019 ኅዳር ላይ ዘ ኦልድ ወርልድ ይመጣል ተባለ። በጥር 2024 ወጣ። መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ ሳጥኖች የአንተ ብሬቶኒያና የእኔ ከምሪ ናቸው። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ አልነግርህም፤ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ።

ታሪኩ አንተ ከምታውቀው ከ200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሷል። ስለዚህ ከምታውቃቸው ጀግኖች አብዛኞቹ ገና አልተወለዱም። አገሩ ግን ያው ነው።

አጨዋወቱን ስታየው የድሮ ጓደኛህን ያገኘህ ያህል ይሰማሃል። አራት ምዕራፍ ነው፦ ስትራቴጂ፣ እንቅስቃሴ፣ ተኩስ፣ ውጊያ። የአስማት ምዕራፍ ለብቻው የለም፤ እያንዳንዱ አስማት ጊዜው ሲደርስ በየምዕራፉ ይጣላል። ርቀት በማንኛውም ሰዓት መለካት ትችላለህ። ድሮ መድፍ ስንተኩስ ኢንቹን በዓይን ገምተን እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ያ ቀርቷል። ጥቃት ስትገባ የምትሄደው ርቀት ድሮ የመንቀሳቀሻህ እጥፍ ነበር፤ እርግጠኛ ነበርክ። አሁን ሁለት ዳይስ ትጥላለህ፣ ትልቁን ወስደህ መንቀሳቀሻህ ላይ ትደምራለህ። ለፈረሰኛ ጦር ትልቅ ለውጥ ነው። አንድ ኢንች ጎድሎህ ሜዳ መሃል ቆመህ ልትቀር ትችላለህ።

ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ሽንፈቱ ላይ ነው። ድሮ ውጊያ ከተሸነፍክ ወይ ትጸናለህ ወይ ትፈረጥጣለህ። አሁን መካከለኛ አለ። ጥቂት ኢንች ለቅቀህ ፊትህን ሳታዞር ልትገፋ ትችላለህ፤ ወይም በሥርዓት ወደ ኋላ አፈግፍገህ እንደገና ልትሰለፍ ትችላለህ። ስለዚህ አንድ ጥቃት ብቻውን ጨዋታውን አይጨርሰውም። ፈረሰኞችህ ገብተው፣ ገፍተው፣ ደግመው መግባት አለባቸው። ስታስበው እንደ ጉግስ ነው፤ ሄዶ መመለስ።

ዝም ብለህ 2000 ነጥብ ሙሉ ጦር አትሰብስብ፤ የጦር መጠን የሚለካው ለየምስሉ በተሰጠው ነጥብ ነው። ዘጠኙን ፈረሰኞች፣ የድሮ ቀስተኞችህንና አንድ አዛዥ ይዘህ ና። በትንሽ ነጥብ እንጫወት። ከሊድስ ኖቲንግሃም ሩቅ አይደለም። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ነው፤ ዋርሃመር ወርልድ ይባላል፤ ኤግዚቢሽንም መጫወቻ ጠረጴዛዎችም አሉት። ቡግማንስ የሚባለው የእዚያው ምግብ ቤት ገብተን ምሳ እንበላለን። ጋባዡ እኔ ነኝ።


ቀለም በብልቃጥ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ዳይስ ብዙም አልጥልም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገርህ ወንድሜ።

ማንኛውንም ነገር ከማድረግህ በፊት ዘጠኙንም ቤዝ ገልብጠህ ፎቶ አንሳቸው። መብራቱን ከጎን አድርገው፤ እስክሪብቶው የጫረው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ሰማያዊ እስክሪብቶ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ እስካሁን የቆየው ጨለማ ውስጥ ስለነበር ነው። ከዚያ በውሃ የሚሠራ ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ አንድ ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትመላለስበት። መጀመሪያ ግን ጥግ ላይ ነካ አድርገህ አንድ ቀን ጠብቅ፤ ቀለሙ ከሸሸ ተወው፣ ፎቶው ይበቃል። በቆርቆሮ የሚረጨውን ቫርኒሽ አትጠቀም። ውስጡ ያለው ማሟሟያ የስህተት ማጥፊያውን ሊያነሳው ይችላል።

ቀለም ማስለቀቅ ከፈለግህ እንግሊዝ አገር ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙት ዴቶል ነው። የሚረጨው አይደለም፤ ቡናማው፣ ወፍራሙ። ለ24 ሰዓት ትዘፈዝፈዋለህ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከዴቶሉ ሲወጣ ወዲያው ውሃ ካስነካኸው ቀለሙ እንደ ሙጫ ይሆንና አይለቅም። እዚያው ዴቶሉ ውስጥ ሆኖ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ ነው ውሃና የዕቃ ሳሙና። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። እዚህ አሜሪካ እኔ ፋርማሲ የሚሸጠውን 91 በመቶ አልኮል ነው የምጠቀመው። አሴቶን ግን ፕላስቲክ አጠገብ አይድረስ፤ ፈረስህን ያቀልጥልሃል።

ነገር ግን እነዚህን ዘጠኙን አታስለቅቅ። ልመናዬ ነው። ቀለምን የሚያነሳ ፈሳሽ ሁሉ ጽሑፉን አይምርም። ከዚያም በላይ፣ ወፍራም ነው ያልከው ቀለም የአንተ እጅ ነው። አቧራውን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ከላይ አንሳለት፤ ቤዙ ውስጥ ውሃ አታስገባ። ሲደርቅ ማት ቫርኒሽ ቀባው። ያን የፕላስቲክ ብልጭታ ያጠፋዋል፤ ቀለሙም ወዲያው ዕድሜ ያገኛል። ደንበኛ ሥራ መሥራት ካማረህ አዲስ ፈረሰኞች ግዛና እነሱ ላይ ሥራ። ከ2019 ጀምሮ ኮንትራስት የሚባል ቀለም አለ። ነጣ ባለ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ላይ አንዴ ስትቀባው ራሱ ወደ ስርጉዱ ይወርዳል፣ እብጠቱ ላይ ይሳሳል። ለግላስ እጥፋት የተሠራ ነው የሚመስለው። ለፈረስ ገላም ሞክረው። እኔ ዳማውን በሁለት ዓይነት ቡናማ፣ ቡላውን ቢጫ ቀላቅዬ ነው የማወጣው።

የተሰበሩትን ጦሮች በናስ ሽቦ ተካቸው። በእጅ የምትዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ግዛ፤ እጁ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ቀዳዳ አውጣ፣ ሽቦውን አስገባ፣ ሱፐር ግሉ። ከዚያ በኋላ አይሰበርም።

ስለ ብረቱ አዛዥ ደግሞ ጥንቃቄ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበሩት ብረቶች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ነጩ ዱቄት ምናልባት እሱ ነው። አትፋቀው፣ በወረቀትም አትፈግፍገው፤ ብናኙ ነው ክፉው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን ጣለው፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ በቀለምና በቫርኒሽ ሸፍነው። ልጅ አለችኝ ወይም አለኝ ብለሃል፤ ይሄን አዛዥ ልጅ አይንካው።


ግሪንስኪን (ስቶክሆልም)

ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ በፍቅር ነው የምናገረው።

እኔም የተመለስኩት ባለፈው ዓመት ነው። የጎብሊንና የኦርክ ጦር፣ ከ80 በላይ ምስል። የድሮዎቹን እንዳሉ ላቆያቸው ብዬ ወሰንኩ። አሥር ወር መደርደሪያ ላይ ቆሙ፤ አልተጫወትኩባቸውም። እንዳይሰበሩ እፈራ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ መጥቶ «እነዚህ ምን ያደርጋሉ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በማግስቱ ሁሉንም አስለቀቅኩ፣ ኦርኮቹን ከ25 ወደ 30 ሚሊሜትር ቤዝ አወጣኋቸው፣ እንደገና ቀባኋቸው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እጫወታለሁ።

ስሙን የሰጠው አባትህ ነው እንጂ እስክሪብቶው አይደለም። አዲስ ቤዝ ላይም ሊጻፍ ይችላል። አባትህ በሕይወት ካሉ ደግሞ ራሳቸው ይጻፉት። የምፈራልህ ሌላ ነው፤ ዘጠኙ ፈረሰኞች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገብተው አንተ ጨዋታውን ሳትመለስ እንዳትቀር።


ጀማሪ ከአዲስ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። እኔ እዚህ የምገዛበት ሱቅ አላውቅም። ከወንድሜ ጋር ቅርጾቹን ከካርቶን ቆርጠን፣ ነጥቡን በወረቀት ጽፈን ነው የምንጫወተው። ሕጉን ከኢንተርኔት ነው የተማርነው። ሊዛርድመንን ጨምሮ ለሰባት ጦር ኩባንያው በነፃ ያወጣው ፒዲኤፍ አለ፤ የድሮ ጓደኛዎ እንሽላሊቶቹን ካልጣለ ይንገሩት፣ እሱም መመለስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። የአያቴ ወንድም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። ከቤዙ የተላቀቀውን ቃኘውን መጀመሪያ ይጠግኑት።


ባለ ዘጠኝ ፈረስ (ሊድስ)

ሦስት ሳምንት ዝም ማለቴን ይቅር በሉኝ። በጽሑፍ ከማመስገኔ በፊት ሥራውን ልጨርስ ብዬ ነው።

ግሪንስኪን፣ መልስህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን አሰብኩበት። እውነት አለህ። መደርደሪያ ላይ ላቆማቸው አይደለም ያወጣኋቸው። ግን ቤዞቹን ሳልነካም መጫወት እንደምችል ስላየሁ ትሬንት ዳር ባለው ሄድኩ። ዘጠኝ አዳፕተር አዘዝኩ፤ ከሥሩ ክፍት የሆነውን። ነጭ ኮላ፣ አራት ማዕዘን። በጣም ጥሩ ነው የገጠመው። ከላይ አሸዋ ነስንሼ ሣር ስለጥፍበት ክፈፉ የት እንደሚጀምር እንኳ አይታይም። ድሮ ሁላችንም እንደምናደርገው ጠርዙን ደማቅ አረንጓዴ ቀባሁት።

ጀማሪ ከአዲስ፣ የጀመርኩት ከቃኘው ነው። አንተ ስላልክ። የድሮውን ሱፐር ግሉ በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁለትና ፈረሱን ስሙ ላይ መለስኩት። ስለ ፒዲኤፉ ለጓደኛዬ ጻፍኩለት። አሁን ብሪስቶል ነው ያለው። እንሽላሊቶቹ እናቱ ቤት ጣሪያ ሥር እንዳሉ ነገረኝ። እሁድ ሄዶ ሊያወርዳቸው ነው።

ቀለም በብልቃጥ፣ ፎቶውን እንዳልሽው መብራቱን ከጎን አድርጌ አነሳሁ። አንድ ነገር አገኘሁ። ገስግስ ላይ ከስሙ በታች ሌላ መስመር አለ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የእስክሪብቶው ጭረት ብቻ ነው የቀረው። በዓይን አይታይም ነበር። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው «ቦራ» ይላል።

አባዬ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። 78 ዓመቱ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ማጉያ መነጽር ሰጠሁት። ዘጠኙን አንድ በአንድ እየገለበጠ ስማቸውን ጮክ ብሎ አነበበ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክንዱ ሥር ገብታ አብራው ታነባለች። ነፍሶ ላይ ሲደርስ ስለ ባልቻ ነገራት። መላ ላይ ስለ ሀብተ ጊዮርጊስ። ገስግስን ሲያነሳ ፎቶውን አሳየሁትና ስለ ቦራው ጠየቅሁት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ከዚያ ግንባሩን በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች አሰመረ። የአያቴ ፈረስ ዳማ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ግን ነጭ ነበረበት። ያን ጊዜ እኔ እንድቀባው ብሎ ነው የጻፈልኝ። ትምህርት ቤት አርፍጄ ስሮጥ አላየሁትም። ፈረሱን ሰማያዊ ግላስ አልብሼ ገላውን ግራጫ ቀብቼዋለሁ።

ሌሎቹን ስምንት አልነካኋቸውም። አጽድቼ ቫርኒሽ ቀባኋቸው፤ ቀለማቸው እንዳለ ነው። ገስግስን ግን የድሮውን ቀለም ሳላነሳ ከላዩ ቀባሁት። ገላው ዳማ ሆነ። ከዚያ በቀጭኑ ብሩሽ፣ ከግንባሩ ብረት በታች በሚታየው ትንሽ ቦታ ላይ፣ ነጭ መስመር አወረድኩለት። ስፋቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር» አለኝ። አስተካከልኩት።

አዲስ ሳጥንም ገዝቻለሁ። ቅርጾቹ በ2004 እኔ ጨዋታውን ስተወው የወጡት ናቸው፤ ያኔ በሱቅ መስኮት አይቼያቸው ሳልገዛቸው ነው ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት። ስድስቱን ገጣጥሜያለሁ። አባዬ ስም ከመስጠቱ በፊት ቀለማቸውን ማየት እፈልጋለሁ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መቀባት አለብኝ። ኮንትራስቱን ሞከርኩት፤ እውነትም ለግላስ የተሠራ ነው። ሁለቱ ዳማ፣ አንዱ ቡላ፣ አንዱ ጉራቻ ሆነዋል። ልጄ የመጨረሻዎቹን ሁለት እሷ እንደምትቀባና ስማቸውንም እሷ እንደምታወጣ ነግራናለች። አያቷ ተስማምቷል። ስሙን ግን በአማርኛ እንድትጽፈው ነው የፈለገው፤ አሁን ፊደል እየቆጠሩ ነው፣ በቪዲዮ፣ ማታ ማታ።



ትሬንት ዳር፣ ቅዳሜ ከሆነልህ እመጣለሁ። ሕጉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የማፈግፈጉ ነገር ገና አልገባኝም፤ ጠረጴዛ ላይ ታሳየኛለህ። ከስምንቱ ፈረሰኞች ጋር አሥራ ስድስት ቀስተኞች ይዤ ነው የምመጣው። ጠቅል ግን ቤት ይቀራል፤ የናሱ ሽቦ ትናንት ነው የገባለት፣ ቀለሙ አልደረቀም።


ትሬንት ዳር (ኖቲንግሃም)

ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። በአበሻ አራት ሰዓት ማለቴ ነው፤ እነሱ 10 ይሉታል። አጽሞቼን አጽድቻለሁ።

ገስግስን ከፊት ታሰልፈዋለህ አይደል?


ባለ ዘጠኝ ፈረስ (ሊድስ)

ከፊት ነው።